መዳቡን መስታወት ሳስመስለው

ሌሊቱ ወደ ሰባት ሰዓት ይጠጋል። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወፍራም መስታወት ተጋድሟል፤ በመስታወቱ ላይ ውሃ የጠጣ ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ከኮምፒውተሬ ሆድ የነቀልኩትን ሂትሲንክ ፊቱን ደፍቼ ወደፊትና ወደኋላ እገፋዋለሁ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። ከሥሩ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ግራጫ ነበር፤ አሁን የጡብ ቀለም ይዟል። የጣቶቼ ጫፍ ተጨማድዷል፣ ወገቤ ተንቃቅቷል። ይህን ሁሉ የማደርገው አንድ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ቁራጭ፣ በጥቂት ዲግሪ እንዲቀዘቅዝልኝ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም አቤቱታ አላቀረበም።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። እኔ ቆብ ስለሌለኝ በሂትሲንክ ጀመርኩ።

የኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ ለማያውቅ ሰው፣ ሂትሲንክ ማለት ፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ ሙቀቱን እየሳበ ለአየር የሚያስረክብ ዕቃ ነው። ከታች ድፍን መቀመጫ አለው፤ ከላይ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉት፤ በእነርሱ መካከል ማራገቢያው ነፋስ ይነዳል። የመቀመጫው ፊትና የፕሮሰሰሩ ክዳን ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ለዓይን ሁለቱም ዝርግ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን አንዱም ዝርግ አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚነካኩት ከፍ ከፍ ባሉት ጫፎቻቸው ብቻ ነው፤ የቀረውን ቦታ አየር ይይዘዋል። አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ የለየለት ሰነፍ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ በአንድ ዲግሪ ልዩነት 400 ዋት ገደማ ያስተላልፋል ቢባል፣ የአየር ድርሻ 0.026 ነው። ከ15 ሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል ማለት ነው። ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት የሚቀባው ይህን አየር ከጉድጓዱ ለማስወጣት ነው። የደህናው ፔስት አቅም ከ4 እስከ 10 ቢሆን ነው፤ ከአየር ጋር ሲነጻጸር ጀግና፣ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ግን ከአርባ እስከ መቶ እጥፍ የሚያንስ ደካማ። ስለዚህ ፔስት ይኑር፣ ግን በተቻለ መጠን ይሳሳ። የማሸት ሐሳብ የሚወለደው ከዚህ ላይ ነው። ፊትና ፊት ይበልጥ ከተቀራረቡ ፔስቱ ይሳሳል፤ ፔስቱ ሲሳሳ ሙቀቱ ቶሎ ያልፋል።

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንድም ስህተት የለበትም። ጥያቄው «ስንት ዲግሪ?» የሚለው ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ካሸሁ በኋላ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ቀድሞ መምጣት ሲገባው ብርጭቆ ወረቀት ቀደመ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ 100 ዋት ያመነጫል እንበል። ክዳኑ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በመካከል ያለው ፔስት ውፍረቱ 50 ማይክሮን፣ አቅሙም 5 ይሁን። (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል።) ሙቀቱ በክዳኑ ሁሉ እኩል ተሰራጭቶ ቢመጣ፣ ይህ የፔስት ንጣፍ የሚያስከፍለን 1.1 ዲግሪ ብቻ ነው። አሽተን አሽተን ውፍረቱን በግማሽ ብንቀንሰው የምናተርፈው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። የግማሽ ዲግሪ ትርፍ፣ ለተንቃቃ ወገብ! ነገር ግን ሙቀቱ እኩል ተሰራጭቶ አይመጣም። ከክዳኑ ሥር ያለው የሲሊከን ቁራጭ ትንሽ ነው፤ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብንለው ሙቀቱ በአብዛኛው ከእርሱ አናት ላይ ነው የሚወጣው። ሙቀቱ ምንም ሳይሰራጭ በዚያች ጠባብ ቦታ ብቻ ያልፋል ብለን ብናሰላ ያው 50 ማይክሮን 5 ዲግሪ ያስከፍላል፣ ውፍረቱን በግማሽ መቀነስም 2.5 ዲግሪ ያተርፋል። እውነቱ በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ተቀምጧል። በፔስቱ ፈንታ ግን 10 ማይክሮን አየር በክዳኑ ሙሉ ስፋት ቢገባ፣ ያችው የማትታይ ስንጥቅ 43 ዲግሪ ትጠይቃለች። ፔስት መቀባትን መርሳትና ሂትሲንክን አለማሸት በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ ጥፋቶች እንዳልሆኑ ከዚህ ይታያል።

ወደ መጀመሪያው ሙከራዬ ልመለስ። ሂትሲንኩን ገልብጬ ሳየው መቀመጫው ላይ ቶርኖ፣ ብረት የሚልገው ማሽን፣ የተወው ክብ ክብ መስመር ነበረበት፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ክርክር ይላል። ይህን ሳይ እጄ አላርፍ አለ። «ይህ ሁሉ ቦይ ባይኖር ኖሮ» እያልኩ ተቆጨሁ። በዚያን ቀን ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ ሰጥቼ ስለካው ፕሮሰሰሩ 84 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን በቁጥር በቁጥሩ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ደረደርኩ፦ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ የክፍሉን አምፖል በመዳቡ ላይ አየሁት። አሽቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀብቼ፣ አሰርኩት። ለካሁ። 76 ዲግሪ! ስምንት ዲግሪ ወረደ። በማግስቱ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ ነገርኩት። አንዳንዶቹ ሂትሲንክ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ግን ደስታዬን አይተው «እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ።

ያ ስምንት ዲግሪ ለወራት ኩራቴ ሆኖ ኖረ። እንዴት እንደተገፈፈ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ሥራው ራሱ ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ሥራውን ወድጄዋለሁ።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፦ ልሙጥና ዝርግ። ልሙጥ ሲዳስሱት የማይሻክር ነው። ዝርግ ጉብታም ጉድጓድም የሌለው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማሰብ በዚህ ሥራ ላይ የሚሠራ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ማንኪያን አስቡ። ማንኪያ ልሙጥ ነው፤ ፊታችንን ያሳየናል፣ ያውም ገልብጦ። ዝርግ ግን አይደለም። አንድ ብረት አብረቅራቂ ሆነ ማለት ጭረቶቹ ከብርሃን ሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ከማይክሮን ግማሽ ገደማ አነሱ ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር ባለው 3 ሴንቲ ሜትር ላይ መካከሉ በ50 ማይክሮን ሰርጎ እንደሆነ ብልጭታው አንዳች ነገር አይናገርም። ፔስቱን የሚያወፍረው ደግሞ ይህ ስርጉደት ነው እንጂ ጥቃቅኑ ጭረት አይደለም። ጭረቱን ፔስት ይሞላዋል፤ የተፈጠረውም ለዚያው ነው። ፔስቱ ራሱ በውስጡ ጥቃቅን ብናኝ አለው፤ ጭረቱ ከብናኙ ካነሰ ወዲያ የሚለሰልሰው ለዓይን እንጂ ለሙቀቱ አይደለም። ከ800 ወይም ከ1000 ቁጥር በላይ ያለውን ወረቀት ዛሬ የምቆጥረው እንደ ሽቶ ነው፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን ገላ አያጥብም።

ዝርግ ማድረግ ግን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እጅን ሳያቆሽሹ ማወቅ ይቸግራል። እንግሊዛዊው መካኒክ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ስለ ዝርግ የብረት ፊት አሠራር ለሳይንስ ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ ላይ የሦስት ሰሌዳ ዘዴን አስረድቷል። ሁለት ሰሌዳ ብቻ እርስ በርሱ ቢስተካከል አንዱ ጎባጣ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው በደንብ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ሦስት ሆነው እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር መግጠም ካለበት ግን መሸሸጊያ የለም፤ ሦስቱም ዝርግ ከመሆን ውጭ ምርጫ አይኖራቸውም። ይህን ነገር ሳነብ ለብዙ ደቂቃ ወረቀት አጣጥፌ ስሞክር ነበር። ዊትዎርዝ የሚገርመው ማሸትን አለመውደዱ ነው። በአሸዋ እያሹ ከማስተካከል ይልቅ ጉብታውን በቀለም እየለዩ በመፋቂያ መፋቅን ነበር የሚመክረው። አሸዋ የት እንደሚበላ አይታዘዝም ባይ ነበር፤ እውነቱን ነው።

እኛ ሦስት ሰሌዳ መሥራት አያስፈልገንም፤ መስታወት አለንና። የዛሬ መስታወት ዝርግ የሆነው አላስቴር ፒልኪንግተን በመሩት ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ በሆነ ዘዴ ምክንያት ነው። የቀለጠው መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ይንሳፈፋል፤ ፈሳሽ በፈሳሽ ላይ ሲተኛ ማንም ሳያሸው ራሱን ይዘረጋል። የእኔ ሦስት ሰዓት ድካም ያረፈው በዚያ ቆርቆሮ ላይ ነው ማለት ነው። መስታወቱ ግን ወፍራም መሆን አለበት። ስስ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ ቅርጽ ይከተላል፤ ጠረጴዛው ጎባጣ ከሆነ ሂትሲንኩም ያንን ጉብጠት ይወርሳል።

ከዚያ የእጅ ጉዳይ ይመጣል። ሂትሲንክ ከላይ ረጅም፣ ከታች ጠባብ ነው። አናቱን ይዞ የሚገፋ ሰው ሲገፋ የፊቱን ጫፍ ይጫናል፣ ሲስብ የኋላውን ይጫናል፤ ከመቶ ምልልስ በኋላ መቀመጫው እንደ ተወዛዋዥ ወንበር እግር ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን እንደዚያ ነው የሠራሁት። ኋላ እንደገባኝ መያዝ ያለበት ከታች ከመቀመጫው አጠገብ ነው፤ መጫን አያስፈልግም፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል፤ ሃያ ያህል ጊዜ ከተገፋ በኋላ ሩብ ዙር ማዞር፣ ወረቀቱን በውሃና በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ማርጠብ። ከወረቀቱ ሥር የአየር እብጠት ካለች ሥራው ሁሉ ተበላሸ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ማርከር ነው። መቀመጫውን በጥቁር ማርከር መረብ አስመስሎ ማስመርና አሥር ጊዜ ብቻ መግፋት። ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ ቀለሙ የቀረበት ዝቅ ያለው ነው። የዊትዎርዝ ቀለም በድህነት ሲሠራ ይህን ይመስላል።

ማርከሩን በመጀመሪያው ቀን ባውቀው ኖሮ የብረት መወልወያውን አልነካም ነበር። 2000 ቁጥር ከጨረስኩ በኋላ «አሁን መስታወት ላድርገው» ብዬ በጨርቅና በመወልወያ ቅባት ስፈትገው አመሸሁ። ጨርቅ ለስላሳ ነው፤ ከዳር ሲደርስ ጠርዙን አቅፎ ይበላዋል። ከስንት ድካም በኋላ ምላጭ በመዳቡ ላይ በቁሙ አቁሜ ወደ ብርሃን ብይዘው መካከሉ ላይ ምላጩ ገጥሟል፣ በሁለቱ ዳር ግን ብርሃን ሾልኮ ይታያል። ጠርዞቹን አሞልሙዬአቸዋለሁ። በዚያ ላይ መወልወያው ሰም ነገር አለው፤ ብልጭታው ከፊሉ የሰሙ ነው። በአልኮል ስጠርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ፤ መዳቡም ትንሽ ደብዘዝ አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እንዳለ ገጠምኩት። ያ የተገጠመው ነው እንግዲህ ስምንት ዲግሪ «ያተረፈልኝ»።

መንትያ ኮምፒውተር ነበረኝ። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ አንድ ዓይነት ሂትሲንክ፣ አንድ ዓይነት ክብ ክብ መስመር ያላቸው። አንደኛው የታሸው ነው፤ ሁለተኛው ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። ከወራት በኋላ ሁለተኛውንም ላሸው ከፈትኩት፤ ለካስ ፔስቱ ደርቆ እንደ አሮጌ ቀለም እየተፈረፈረ ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠው። የመጀመሪያውም ሲከፈት እንዲህ ነበር። ፔስቱን የቀየርኩት ካሸሁ በኋላ ስለሆነ ትርፉን ሁሉ ለማሸቱ ሰጥቼው ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን አላሸሁትም። አቧራውን አራገፍኩ፣ አሮጌውን ፔስት ጠረግኩ፣ አዲስ ቀባሁ፣ መልሼ አሰርኩት። በዚህ ጊዜ የክፍሉንም ሙቀት ጻፍኩ፤ ያን ስጽፍ ደግሞ ሌላው ጉድ ታየኝ። ማስታወሻዬ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ነበር፦ የመጀመሪያው 84 ዲግሪ የተለካው በቀትር ነው፤ 76ቱ የተለካው በእኩለ ሌሊት። በቀትርና በእኩለ ሌሊት መካከል የክፍሌ ልዩነት 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፕሮሰሰር ደግሞ የሚሞቀው ከክፍሉ በላይ ነውና ክፍሉ በአራት ሲወርድ እርሱም በአራት ገደማ ይወርዳል። ከስምንቱ አራቱ የሌሊቱ ናቸው። ቀሪው አራት ነው። ያልታሸው መንትያ ከክፍሉ ሙቀት በላይ የነበረው ጭማሪ በ3 ዲግሪ ወርዷል፤ በአቧራ ማራገፍና በፔስት ብቻ። ከአራቱ ሦስቱ ሄዱ። ለማሸቱ የቀረችው አንድ ዲግሪ ናት።

አንዷንም አልተዋትም። ያልታሸውን ሂትሲንክ ሦስት ጊዜ ነቅዬ፣ ሦስት ጊዜ ጠርጌ ቀብቼ፣ ሦስት ጊዜ አሰርኩት፤ ምንም ሳልለውጥ። በሦስቱ መካከል የ2 ዲግሪ ልዩነት መጣ። ፔስቱ ትንሽ በዛ፣ ብሎኑ ትንሽ ጠበቀ፣ ሂትሲንኩ ሲቀመጥ ትንሽ ተንሸራተተ። እጄ በመወላወሉ ብቻ የሚመጣው ልዩነት በማሸት አገኘሁት ከምለው ትርፍ ይበልጣል። ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ወገብ፦ በመለኪያው ጭጋግ ውስጥ ጠፉ። «እንኳን ደስ አለህ» ያሉኝን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ አላረምኩም። ማረም ነበረብኝ መሰለኝ።

ማሸት ከንቱ ነው ለማለት ግን አይደለም፤ ኋላ የገጠመኝ ሦስተኛ ሂትሲንክ ይህን እንዳልል ያደርገኛል። እርሱ በዓይን ሲታይ ከሁሉም ያማረ ነበር፤ ብልጭ ያለ፣ ጭረት የሌለበት። ፔስቱን በአዲስ ብቀይረውም አልቀዘቅዝ አለ። ነቅዬ የፔስቱን አሻራ ሳየው ዳር ዳሩ ስስ ሆኖ ብረቱ ይታያል፣ መካከሉ ላይ ግን ፔስቱ ወፍራም ሆኖ እንደ ኩሬ ተኝቷል። ከኩሬው ሥር ነው ሲሊከኑ ያለው። ማርከር አሰመርኩበት፣ አሥር ጊዜ ገፋሁት፤ ዳሩ ጸዳ፣ መካከሉ ጥቁር ሆኖ ቀረ። 400 ቁጥር ወረቀት ላይ ብዙ ቆየሁ። የጥቁሩ ክብ እየጠበበ፣ መጀመሪያ የሳንቲም ያህል፣ ከዚያ የምስር ያህል ሆነ፤ በመጨረሻ ጠፋ። በ800 አለሰለስኩትና ተውኩት። አያበራም፤ ግራጫ ነገር የተቀባ ይመስላል። በእኩል የክፍል ሙቀት፣ ሦስት ጊዜ እየነቀልኩ እየተከልኩ ለካሁት፤ 6 ዲግሪ ወረደ፤ በሦስቱም ጊዜ። ከሁሉ የማያምረው ሂትሲንኬ እርሱ ነው፤ ከሁሉ ያተረፈልኝም እርሱ ነው።

ከዚህ ወዲህ ማንኛውንም ሂትሲንክ ከማሸቴ በፊት አሻራውን አያለሁ። ጎባጣ ሆኖ ካገኘሁት ደግሞ ሁለት ጊዜ አስባለሁ፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ጉብጠት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ፕሮሰሰር በመሰኪያው ሲያዝ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 መሰኪያ በዚህ የታወቀ ነው፤ ረዘም ያለውን ፕሮሰሰር በወገቡ ግራና ቀኝ ስለሚጫነው መካከሉ ሰርገድ ይላል። ለሰርጓዳ ክዳን የሚስማማው ጎበጥ ያለ መቀመጫ ነው። የሂትሲንክ አምራቹ ኖክቱዋ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤንኤች ዲ15 ጂ2 የተባለውን ሂትሲንኩን ሲያወጣ በሦስት ዓይነት የመቀመጫ ጉብጠት ነው ያቀረበው፤ መካከለኛ፣ የበዛና ያነሰ። ለዚህ ጉብጠት የተጨነቁ መሐንዲሶች አሉ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ በአንድ ሌሊት በ400 ቁጥር ልደመስሰው እችላለሁ። አሽቶ ዝርግ ማድረግ የተሻለውን ማበላሸት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጨርሶ የማይነካም አለ። አንዳንድ ሂትሲንክ መቀመጫው ድፍን አይደለም፤ የሙቀት ቱቦዎቹ ራሳቸው ከታች ተደፍጥጠው ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ይነካሉ። ቱቦው ውስጡ ክፍት ነው፤ አየሩ ወጥቶለት ጥቂት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ ታሽጎበታል። ፈሳሹ በሞቀው ጫፍ ይተናል፣ በቀዘቀዘው ጫፍ እንፋሎቱ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፣ ወደ ሞቀው ጫፍም ይመለሳል። የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው፤ ሲደፈጠጥና ሲላግ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። በብርጭቆ ወረቀት የተበሳ ቱቦ አይፈነዳም፣ አይጮህም፤ አየር ይገባበትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ባዶ የመዳብ ቧንቧ ይሆናል። የፕሮሰሰሩን ክዳን ማሸትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ኮር 2 ኳድ ኪው6600ን የመሳሰሉ ፕሮሰሰሮች በነበሩበት ዘመን ብዙ ሰው ያደርገው ነበር። ክዳኑ ኒኬል የተለበጠ መዳብ ነው፤ ኒኬሉ ሲለቅ ቀዩ መዳብ ብቅ ይላል፤ በክዳኑ ላይ የታተመው ስምና ቁጥር አብሮ ይጠፋል፣ ዋስትናውም አብሮት። እኔ አንድም ጊዜ አልሞከርኩም። ድፍረት ያነሰኝ እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩንና አንድ ጥቅል ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ። ሂትሲንኩ አዲስ ነው፤ ራሱ ገጥሞታል። ጨዋታ ሲከፍት ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ይደርስና ራሱን ያዘገያል።

«አጎቴ፣ እንሸው?» አለኝ። ስለ መስታወቱና ስለ ሌሊቱ የነገርኩትን አልረሳም። ስለ መንትያው ኮምፒውተር ግን ነግሬው አላውቅም።

«መጀመሪያ አሻራውን እንየው» አልኩት።

ካቻቪቴ አመጣሁ። ፈታነው። አሻራው አልተዛባም፤ ፔስቱ ከዳር እስከ ዳር ስስ ሆኖ ተዘርግቷል፤ የዚህን ልጅ እጅ ቀናሁበት። በአልኮል ጠረግነው። መቀመጫው እንደ ውሃ ያብረቀርቃል። ምላጭ አቆምኩበት፤ ብርሃን የለም። በጥፍሬ ጠርዙን ስነካው አንድ ነገር ተነሳ። ጭራሽ የማይታይ ስስ ላስቲክ። ሂትሲንኩ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይጫር የሚለጠፍበት፣ ከመገጠሙ በፊት ተልጦ የሚጣለው። ልጁ ከፔስት በታች፣ ከመዳብ በላይ አስቀምጦት ኖሯል። ቀስ ብዬ ስቤ ላጥኩት፤ ጭርር ብሎ ወጣ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ብንሸው ኖሮስ? የመጀመሪያው ወረቀት ላስቲኩን ይገፈው ነበር። ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ያውም በደንብ። ላስቲኩን በጭቃው ውሃ መካከል ካላስተዋለው ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን ማሸት ተአምር ይሠራል እያለ ይምል ነበር፤ ቁጥርም በእጁ ስላለ ማንም አይረታውም።

ቀብተን አሰርነው። ጨዋታው ተከፈተ፤ ሙቀቱ 78 ላይ ቆመ። ልጁ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሲሄድ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄደ። አዲስ ነው፣ 400 ቁጥር። መስታወቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።